የተነከሰው ባትሪ

በሩ ወለሉ ላይ ተዘርሯል፤ የቁልፉ ምላስ ግን እንደወጣ ነው። ማጠፊያው በመጥረቢያ ተገንድሶ ሳንቃው ወደ ውስጥ ሲወድቅ፣ ቁልፉ እንደተቆለፈ አብሮት ወርዷል።

ምክትል ኢንስፔክተር የኔአለም ደፉ ላይ ቆማ አየችው። ጧት ነው፤ የመካነ ሰላም ብርድ ገና ከግድግዳው አልለቀቀም። ከኮሪደሩ ማዶ የማዋለጃው ክፍል ገርበብ ብሏል። ወለሉን ማንም አላጠበውም። ማታ እዚያ ውስጥ፣ ከከላላ በኩል የመጣች ኑርጃን የምትባል ወጣት ወንድ ልጅ ወልዳ፣ ደሟ አልቆም ብሎ ሞታለች። ደም የሚያቆመው መርፌ ያለው እዚህ፣ መድኃኒት ክፍሉ ውስጥ ነበር ተባለ። የመድኃኒት ክፍሉ ቁልፍ በቁጥር የሚከፈት፣ በባትሪ የሚሠራ ዘመናዊ ነው። ባትሪው ሞተ፤ በሩ አልከፈት አለ፤ ሴትዮዋ ሞተች። ባሏ ሱሌማን በሩን የገነደሰው ከዚያ በኋላ ነው።

የክሊኒኩ ባለቤት አቶ ሚሊዮን ፊቱን ታጥቦ፣ ሸሚዙን ቀይሮ ከኋላዋ ቆሟል።

«ይገርምሻል እህቴ» አለ። «ከአዲስ አበባ ድረስ ዘመናዊ ቁልፍ አስመጥቼ ነበር። ከጽዳት ሠራተኛ ጋር ግን ምን ይደረጋል? ባትሪ መቀየር የሸጋዬ ሥራ ነው። አዲስ ሰጠኋት። አዲሱን ወደ ቤቷ፣ የሞተውን ወደ እኔ በር።»

«ምክትል ኢንስፔክተር ይበሉኝ።»

«ይቅርታ፣ ምክትል ኢንስፔክተር። ዘረፋውን ደግሞ እይው።» እጁን ወደ መደርደሪያዎቹ ዘረጋ። «ባልየው በሩን ሰበረ፣ የመጣው ሁሉ ገባ። አንዲት ክኒን አልተዉልኝም። ዛሬ የጤና ተቆጣጣሪዎች ሊመጡ ነበር። ምን ብዬ ላስረዳቸው ነው?»

የኔአለም ወደ ክፍሉ ዞረች። ሰው ሞቶ ስለ ተቆጣጣሪ የሚያስብ ሰው ፊት ብዙ ከቆየች ከአፏ የሚወጣውን ታውቀዋለች። የወደቀውን ሳንቃ ተሻግራ ገባች። ሦስት ረድፍ መደርደሪያ፣ ሦስቱም ራቁታቸውን። መካከለኛው ላይ ጣቷን አሳረፈች፤ ዱቄት የመሰለ የእንጨት ብናኝ ጣቷ ላይ ቀረ። ጎንበስ ብላ በአግድም ተመለከተች። ብናኙ ጣውላውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ለብሶታል። ወለሉን አየች፤ የእንጨት ፍላጭ እንጂ አንድም የተሰበረ ጠርሙስ የለም። በስልኳ ፎቶ አነሣች።

«ደሳለው፣ በሩን ገልብጠው» አለች።

ሳጅን ደሳለው ጠና ያለ፣ ቀልድ የማይጠፋበት ሰው ነው። እያቃሰተ ሳንቃውን ገለበጠ። ከውጭ በኩል ያለው የቁልፉ ገጽ ታየ፤ ከቁጥሮቹ አራቱ ተፍቀው ያብረቀርቃሉ። «ይቺን ኮድ የክሊኒኩ ድመትም ታውቃታለች» አለ። የባትሪው ቤት ግን ያለው ከውስጥ በኩል ነው። የኔአለም በቢላዋ ጫፍ ክዳኑን ፈታች። አራት ትናንሽ ባትሪዎች ወጡ፤ አገሬው ድንጋይ የሚላቸው። አራቱም ወገባቸው ላይ በጥርስ ተነክሰዋል።

ደሳለው ሳቀ። «ይቺማ የአያቴ ቻርጀር ናት። ድንጋይ ሲደክም ነከስ አድርጎ ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው። ትንሽ ዜና ታሰማለች።»

«ይኸዋ» አለ አቶ ሚሊዮን። «ድንጋይ የሚነክሰው ማን ነው? ድሃ ነዋ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?»

«እኔም ነክሼ ነው ያደግሁት» አለችው። ባትሪዎቹን መልሳ አስገብታ ቁጥር ነካች። ቁልፉ ጭጭ አለ። አውጥታ በላስቲክ ጠቀለለቻቸውና ቁልፉ ከሳንቃው ተፈትቶ ጣቢያ እንዲወሰድ አዘዘች።

ጣቢያ ላይ አለቃዋ ኮማንደር ዓባይነህ ከወንበሩ ሳይነሣ አዳመጣት።

«ምኑ ይጣራል?» አለ። «ቁልፉ ሞተ፣ ሴትዮዋ ሞተች። ባትሪ የሰረቀችውና በር የሰበረው ተይዘዋል። ነገ ጧት መዝገቡ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ይግባ።»

«በር የሰበረው ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነው።»

«ሚስት የሞተበት አይሰርቅም ያለው ማን ነው?»

«ጌታዬ፣ ሕፃኑ ደጅ ላይ ነው ያለው። አክስቱ ስኳር ውሃ እያላሰችው ነው።»

«እና እኔ ላጥባው? አቶ ሚሊዮን ለዚህ ከተማ ስንት ነገር ያደረገ ሰው መሰለሽ?»

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» አለች ዝቅ ብላ።

«ምን አልሽ?»

«እስከ ነገ ጧት ጊዜ አለኝ አልኩ።»

የጣቢያው ደጅ ላይ የሱሌማን እህት ኡምኩልሱም አጥሩን ተደግፋ ተቀምጣለች። ሕፃኑ በጋቢ ተጠቅልሎ ያለቅሳል፤ ልቅሶው ቀጭን ነው። የኔአለም አጠገቧ ቆመች። «አብሽሪ» ልትል ነበር፤ ተወችው። አብሽሪ የሚባለው የሚያጽናና ነገር ሲኖር ነው። አልፋት ገባች።

ሸጋዬ ከማረፊያ ክፍሉ ግድግዳ ጋር ተጣብቃ ተቀምጣለች። ጥቁር ቀሚሷን አላወለቀችም፤ ከወግዲ፣ ከወንድሟ ልቅሶ ጧት ተመልሳ ከመኪና ስትወርድ ነው የያዟት።

«እኔ አልሰረቅሁም» አለች ገና ሳትጠየቅ። «ቁልፉ ባትሪ አለቀ ብሎ ሲጮህ ጊዜ አቶ ሚሊዮን የሰጠኝን አዲስ ድንጋይ ከተትኩበት። በእጄ ነው የከተትኩት።»

«አሮጌዎቹንስ?»

«ለጋሽ ፈንታው ሰጠኋቸው። ዘበኛው። ራዲዮዋቸው አራት ትበላለች።»

«ክፍሉን መቼ ነው መጨረሻ ያጸዳሽው?»

«ድንጋዩን ከቀየርኩ ወዲህ አልገባሁም። አቶ ሚሊዮን እኔ ካላዘዝኩ ማንም እንዳይገባ አለ። ደንብ ነው አለ።» ጥቁር ነጠላዋን ሳበች። «የኔ እመቤት፣ ሴትዮዋ በኔ ነው የሞተችው እያሉ ነው። ቤተሰቧ እንዲያ ካመነ እኔ በየት በኩል ነው ቤቴ የምገባው?»

«እንዲያ እንዳያምኑ ነው የማደርገው» አለች የኔአለም። ቃል የመግባት ልማድ የላትም፤ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ገረማት።

ቀጥሎ ያለው ክፍል ውስጥ ሱሌማን ቆሟል። ተቀመጥ ብለውት አልተቀመጠም። እጁ ላይ የእንጨት ስንጥር ገብቶ አብጧል።

«በሩን ከሰበርክ በኋላ ገብተህ ነበር?» አለችው።

«ምን ልሠራ? ሞታ የለ?» ወለሉን እያየ ነው የሚናገረው። «በሩ ሲወድቅ እኔም አብሬ ወደቅሁ። ሰዎች አነሡኝ።»

«ሌላ ሰው ገባ?»

«አላየሁም። ወላሂ አላየሁም፤ የገባ የለም። ሁሉም እኔን ነው የያዘው።» ቀና አለ። «እህቴ፣ እኔን የሚበላኝ ሌላ ነው። መጥረቢያው የዘበኛው ማገዶ ላይ ነበር፤ አይቼዋለሁ። በሕይወት ሳለች ልስበረው ብዬ የክሊኒኩን ባለቤት አስፈቀድኩት። "ተው፣ ንብረት ነው፣ አሁን ይከፈታል" አለኝ። የሰው ቤት ነው ብዬ ቆምኩ። ባላስፈቅድስ ኖሮ?»

የኔአለም ያበጠ እጁን አየች።

«ለምን እዚያ ክሊኒክ ወሰድካት?» አለች።

«ባጃጁ ነው እዚያ ያወረደን። ከተማውን አላውቀው።»

ጋሽ ፈንታው ከክሊኒኩ በር አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ትንሿ ራዲዮ ጉልበታቸው ላይ ናት፤ ድምፅ የላትም።

«ራዲዮዎ ዛሬ ምነው ዝም አለች፣ ጋሽ ፈንታው?» አለች የኔአለም አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ።

«ደክሟት ነው።»

«ድንጋይ የላትም?»

«አላት።»

ደሳለው ራዲዮዋን አንሥቶ ጀርባዋን ከፈተ። ባዶ ነው። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የኔአለም ከላስቲኩ አንዱን ባትሪ አውጥታ አሳየቻቸው። ባትሪውን ሲያዩ ደነገጡ።

«እኔ አልሰረቅሁም፣ ልጄ። ሸጋዬ ናት የሰጠችኝ።»

«ማን ሰረቁ አለዎት? ደሳለው፣ ከእጅ መብራትህ አንድ ባትሪ ስጠኝ።»

«ኧረ ይቺ የመንግሥት ንብረት ናት።»

«መንግሥትን አያመውም። ጋሽ ፈንታው፣ ይቺን ይንከሱልኝ።»

ሽማግሌው አንዴ እሷን፣ አንዴ ሳጅኑን አዩ። «ትቀልዳላችሁ?» አሉ። ከዚያ ባትሪውን በጎን አስገብተው ጥርቅ አድርገው ነከሱት። ከላይኛው ጥርሳቸው አንዱ የለም። የኔአለም ሁለቱን ባትሪዎች ጎን ለጎን ያዘች። ሁለቱም ላይ ሁለት ጠባሳ፣ በመካከሉ ያልተነካ ቦታ።

«ልክ የእርስዎ ማኅተም ነው» አለ ደሳለው።

«ታዲያ የኔ ናቸው አልኩ እኮ።»

«መቼ ነው የነከሷቸው?»

«ትናንት ነዋ። ሸጋዬ ለልቅሶ ወግዲ ልትሄድ በጠዋት ስትወጣ በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ። እሷን ሸኝቼ፣ ፀሐይ ስትበረታ ነከስኩና ከኋላ በኩል መስኮቱ ላይ አሰጣኋቸው። ለማታው ዜና ላነሣ ብሄድ የሉም። የልጅ ሥራ ነው ብዬ ተውኩት።»

የኔአለም ተነሣች። ትናንት እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ የሚሞቁ ባትሪዎች ማታ በሩ ውስጥ ነበሩ። ስለዚህ ትናንት ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ያንን በር በደህና ከፍቶ፣ ገብቶ፣ ደህና ባትሪ አውጥቶ እነዚህን ከትቷል። ያን ጊዜ ሸጋዬ ወግዲ ልቅሶ ላይ ነበረች።

«ማታ ያ ሁሉ ሲሆን ይህን ለምን አልተናገሩም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አሉ ሽማግሌው፤ ቀጥለውም በቀስታ «እንጀራዬም ነው» አሉ።

«ከኋላ በኩል ትናንት ማን ሲሄድ አዩ?»

አንገታቸውን ደፉ። «ሀይፋን። አዋላጇን። አንሶላ ስታሰጣ።»

ባትሪዎቹ ፀሐይ የሞቁበትን መስኮት ሄዳ አየች። ጓሮው ክፍት ነው፤ ከውጭ ማንም ይደርስበታል። መስኮቱ ወደ ውስጥ ይከፈታል። በመስታወቱ አሻግራ የአቶ ሚሊዮንን ጠረጴዛ አየች።

«ሀይፋ ከሆነችስ?» አለ ደሳለው መንገድ ላይ። «ከአቶ ሚሊዮን ጋር ሰሞኑን እንደተጣሉ ሰምቻለሁ። ልለቅ ነው ብላ ነበር አሉ። በቀል ይሆናላ።»

«በቀሏን ራሷ በምታዋልዳት ሴት ላይ?»

«ሴትዮዋ እንደምትመጣ በምን ታውቃለች?»

እውነቱን ነው። የኔአለምን ያናደዳትም ይኸው ነው።

ሀይፋ የተከራየችበት ክፍል በር ክፍት ነው። የሥራ ልብሷን አላወለቀችም። ፖሊሶቹን ስታይ ሁለት እጇን አጣምራ ዘረጋች።

«ኑ እሰሩኝ። የቀረሁት እኔ ነኝ።»

«ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አለች የኔአለም። «ትናንት አንሶላ ስታሰጪ መስኮቱ ላይ ባትሪ አይተሻል?»

«የጋሽ ፈንታውን? ሁሌም አሉ። ምን አደርጋቸዋለሁ? ከቀትር ጀምሮ እስክትሞት ድረስ ከዚያች ልጅ ጎን አልተነሣሁም፤ ውሃ እንኳ አልጠጣሁም። ባሏን ጠይቂው።»

«ስለ መርፌው ንገሪኝ።»

«ትሪዬ ላይ አንድ ነበረኝ። እሱን ሰጠኋት፤ አልቆመም። ሁለተኛውንና ግሉኮሱን ላመጣ ሮጥኩ። መግሪብ ተብሎ ገና መምሸቱ ነው። ቁጥሩን ነካሁ፤ መብራት አየሁ።»

«የምን መብራት?»

«የቁልፉን። በርቶ ነበር። ቁጥሩን ሳልጨርስ አቶ ሚሊዮን ደረሰና "አትነካኪው፣ ይቆልፍብናል" ብሎ ገፋ አድርጎኝ ፊቱ ቆመ። እኔ ማህፀኗን ልጫን ተመለስኩ። እየወጣሁ ስጠይቀው "ባትሪው ሞቷል፣ ቆይ አሁን ይከፈታል" ይለኛል።»

«መብራቱን ለፖሊስ ለምን አልተናገርሽም?»

«ተናግሬአለሁ። ቃሌን የተቀበለኝ ልጅ "በድንጋጤ ነው የመሰለሽ" ብሎ ሳይጽፍ ተወው።» ሀይፋ ዓይኗ ደረቅ ነው። «ሌሊቱን ሙሉ በድንጋጤ ነው ማለት ነው ስል አደርኩ። ወላሂ ግን በርቷል።»

«መርፌዎቹን መደርደሪያ ላይ በዓይንሽ ያየሻቸው መቼ ነው?»

ሀይፋ አሰበች። «ጧት ጧት እሱ ነው በትሪ የሚሰጠኝ። ብዙ ስጠኝ ስለው ነው የተጣላነው።»

«ሆስፒታል ለምን አልወሰዳችኋትም?»

«መድኃኒቱ ከበሩ ኋላ ነው እየተባልኩ? የት ልውሰዳት? አሁን ይከፈታል፣ አሁን ይከፈታል…» አልጨረሰችውም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

የኔአለም ቢሮዋ ስትመለስ ባትሪዎቹን ከላስቲኩ አወጣችና መስኮቷ ላይ፣ ፀሐይ ላይ ደረደረቻቸው። ከሰዓት በኋላው ፀሐይ የቢሮውን ግድግዳ አሞቀ። እሷ ፎቶዎቹን ደጋግማ አየች፤ ያን መደርደሪያ፣ ያን እኩል የለበሰ ብናኝ። ብናኙ መጥረቢያው ሲያርፍ የተነሣ ነው። በዚያ ሰዓት ካርቶን ተደርድሮ ቢሆን ኖሮ ብናኙ የሚያርፈው ካርቶኑ ላይ ነበር። ካርቶኑ ሲነሣም ጣውላው ላይ የካርቶኑ ቅርጽ ንጹሕ ሆኖ ይቀር ነበር። አንድም ቅርጽ የለም።

ባትሪዎቹ ሲሞቁ አንሥታ ቁልፉ ውስጥ ከተተቻቸውና ቁጥር ነካች። ሰማያዊ መብራት በራ። አራቱን የተፋቁ ቁጥሮች ቅደም ተከተላቸውን ከሸጋዬ ጠይቃ አስገባች። ቁልፉ ጢው አለ፤ ምላሱ ገባ።

«ሞቶ ተነሣ» አለ ደሳለው።

«አልሞተም ነበር። ትናንትም ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሞቆ ነው የገባው። የገደለው የሌሊቱ ብርድ ነው፤ እኛ ጧት ስንሞክረው ሬሳ ነበር። ትናንት መግሪብ ላይ ግን ነፍስ ነበረው። ሀይፋ መብራት አይታለች።»

ደሳለው ቀልዱን ተወ። ቁልፉን ተቀብሎ አገላበጠው። ከእጀታው በታች የፋብሪካው ስም ያለባት ትንሽ ሰሌዳ አለች። በአውራ ጣቱ ገፋት፤ ተንሸራተተች። ከሥሯ እንደ ማንኛውም በር የቁልፍ ቀዳዳ አለ።

ተያዩ።

«ተነሥ» አለች የኔአለም።

አቶ ሚሊዮን ቢሮው ውስጥ ስልክ እያወራ ነበር። ሲያያቸው ዘጋ። የመኪናው ቁልፍ ከሌሎች ቁልፎች ጋር ታስሮ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። የኔአለም ከበሩ የተፈታውን ቁልፍ አጠገቡ አኖረችው።

«አቶ ሚሊዮን፣ ይህ ነገር ባትሪው ሲሞት በምን ይከፈታል?»

«በምንም። ቴክኒሻን ከደሴ መጥራት ነው።»

ሰሌዳዋን ገፋች። «ይህ ቀዳዳስ?»

«እሱ…» ላቡን ጠረገ። «የሱ ቁልፍ አብሮ አልመጣም።»

የኔአለም እጇን ዘርግታ የቁልፎቹን እስር አነሣች። «ምን ልታደርጊ ነው?» ሲል አልሰማችውም። የመኪናውን ተወች፤ የቤቱን ተወች፤ ቀጭኗን ሞከረች። ዞረች። ምላሱ ገባ፤ ወጣ። ደግማ አዞረችው፤ ገባ፤ ወጣ።

«መሳቢያውን ክፈት» አለችው። ከዚህ በኋላ እርስዎ አላለችውም።

«መብት የለሽም…»

«ደሳለው፣ ክፈተው።»

መሳቢያው ውስጥ አራት ባትሪዎች ተንከባለሉ። አዳዲስ ናቸው፤ ጥርስ አልነካቸውም። አዲስ ድንጋይ መጣል በዚህ አገር ማንም አይችልም፤ ሚሊዮንም የዚሁ አገር ልጅ ነው።

«መድኃኒቱን ሸጠኸዋል» አለች። «የት እንደሸጥከው ትነግረናለህ። ተቆጣጣሪዎቹ ሊመጡ ሆነ። ክፍሉ ባዶ መሆኑ እንዳይታይ የማይከፈት በር አስፈለገህ። የሞተ ባትሪ ፈልገህ መስኮትህን ስትከፍት የዘበኛው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ አገኘህ። ከተትከውና ዘጋህ። ቴክኒሻኑ ከደሴ እስኪመጣ ተገላገልኩ አልክ።»

«እኔ ሰው ይሞታል ብዬ…»

«ባትሪው ግን አልሞተልህም። ሀይፋ ስትነካው በራ። ስለዚህ ገፋሃትና በጀርባህ ከለልከው። ቁልፉ ኪስህ ውስጥ ሆኖ የውሸት ቁጥር ስትነካካ፣ ባልየው ልስበረው ብሎ ሲለምንህ፣ አሁን ይከፈታል እያልክ አቆየሃቸው።»

ሚሊዮን ወንበሩ ላይ ተሸማቀቀ። «ቢከፈትስ ምን ዋጋ ነበረው?» አለ። «ባዶ ነው። መርፌ የለም። ብከፍተው አትድንም ነበር። አስቢው እስቲ፣ እኔ አይደለሁም የገደልኳት።»

የኔአለም ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች።

«ባዶ ነው፣ ሆስፒታል ውሰዷት ማለት አቃተህ?»

ሚሊዮን ወደ መስኮቱ ዞረ።

«መልስልኝ። ይህን ማለት ምን ያህል ይከብዳል?»

«ክሊኒኩ ይዘጋ ነበር» አለ ሚሊዮን።

ደሳለው ካቴናውን ሲያወጣ እጁ ከልማዱ ውጭ ሻካራ ነበር፤ የኔአለምም ቀስ በል አላለችውም።

ኮማንደር ዓባይነህ ወሬውን ሲሰማ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ምነው ቀደም ብለሽ በነገርሽኝ» አለ።

«መዝገቡን እየዘጉ ነበር፣ ጌታዬ» አለችና የሸጋዬንና የሱሌማንን የመፍቻ ወረቀት ፊቱ ዘረጋች። ሳያያት ፈረመ።

ሸጋዬ ስትወጣ ኡምኩልሱም ከአጥሩ ሥር ተነሣች። ሁለቱ ሴቶች ቆመው ተያዩ። የኔአለም ለኡምኩልሱም ነገሩን በአጭሩ ነግራት ነበር። ኡምኩልሱም ሕፃኑን ለሸጋዬ አቀበለቻትና የተፈታ መቀነቷን አጠበቀች። ሸጋዬም ሕፃኑን እቅፍ አድርጋ፣ በጥቁሩ ነጠላዋ ከነፋስ ከለለችው።

ሱሌማን ቀበቶውን እያሰረ መጨረሻ ወጣ። ሕፃኑን አየ፤ አልነካውም። ወደ የኔአለም ዞረ።

«ቀድሜ ብሰብረው ኖሮ ትተርፍ ነበር?»

የሚፈልገው እውነቱን ነው። የኔአለምም ሌላ የምትሰጠው አልነበራትም።

«አትተርፍም ነበር። ክፍሉ ባዶ ነበር።»

ሱሌማን ራሱን ነቀነቀ። ትከሻው ትንሽ ወረደ፤ ከሌሊት ጀምሮ የተሸከመው ነገር የተነሣለት መሰለ። ትንሽ ቆይቶ ግን ፊቱ ተለወጠ።

«ባዶ መሆኑን ሰውየው ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር።»

«እና ባዶ ነው ቢለኝ… የት ነበር የምወስዳት?»

የኔአለም ልትዋሽ አሰበች። ከጣቢያው በር ላይ ቁልቁል ከተማው በሙሉ ይታያል፤ ከማዶው ጫፍ የመንግሥት ሆስፒታሉ ቆርቆሮ በመጨረሻዋ ፀሐይ ያበራል። እጇን አንሥታ አሳየችው።

ሱሌማን ጣቷን ተከትሎ ተመለከተ። ረጅም ጊዜ አየው፤ ዓይኑ ርቀቱን የሚለካ ይመስላል።

«ይሄ ነው?» አለ። «ይሄ፣ እዚህ ያለው?»